የላምባ ማሞቂያ ባለሙያ ለመሆን፦ ሥልጠናው፣ ምዘናውና ምዝገባው (የአንባቢያን ጥያቄና መልስ)

በብሪታንያ የሚኖሩ ወገኖቻችን አብዛኞቹ በትላልቅ ከተሞች ስለሚኖሩ፣ ቤታቸው የሚሞቀው ከመንገድ ሥር በተዘረጋው የጋዝ መሥመር ነው። ከከተማ ወጣ ሲባል ግን የጋዝ መሥመር ያልደረሰባቸው 1.5 ሚሊዮን ገደማ ቤቶች አሉ፤ እነርሱ የሚሞቁት በግቢያቸው ከተተከለ ታንክ በሚመጣ ላምባ ነው። በሰሜን አየርላንድማ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቤቶች እንዲህ ያሉ ናቸው። በቅርብ ወራት ወደዚህ ሙያ መግባት ስለሚፈልጉ ሰዎች የሚጠይቁ ደብዳቤዎች በዛ ብለው ስለደረሱን፣ የዚህን እትም አምድ ሙሉ በሙሉ ለእነርሱ ሰጥተነዋል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ በሚገኝ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ በቧንቧ ሥራ ተመርቄ የሲኦሲ ምዘና አልፌያለሁ። ከዚያም በአንድ ሆስፒታል ውስጥ በናፍጣ የሚሠሩ የእንፋሎት ቦይለሮችን ስንከባከብ ቆይቻለሁ። አሁን የምኖረው ሊንከንሽር ነው፤ የመሥራት መብትም አለኝ። አንድ የማውቀው ሰው “የአንድ ሳምንት ኮርስ ውሰድና የላምባ ቦይለር ጥገና ጀምር” ብሎኛል። ይህ እውነት ነው?

መልስ፦ የተነገረዎት ነገር ግማሹ እውነት ነው፤ የቀረው ግማሽ ደግሞ ብዙ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ወረቀቱን ከያዘ በኋላ የሚያውቀው ነገር ነው።

በዚህ አገር የነዳጅ ማሞቂያ ባለሙያዎችን የሚመዘግበው ዋናው ድርጅት በ1991 የተቋቋመው ኦፍቴክ ነው። የምዘናዎቹን ይዘት የሚያወጣው ኦፍቴክ ሲሆን፣ ሥልጠናውና ፈተናው የሚካሄደው እርሱ ዕውቅና በሰጣቸው ማዕከላትና ኮሌጆች ነው። ምዘናዎቹ በቁጥር ይጠራሉ። 101 የሚባለው በግፊት ነዳጅ የሚረጭ በርነር (ማቃጠያ) ያላቸውን ቦይለሮች ማስጀመርንና መንከባከብን ይመለከታል። 105ኢ ቦይለሩን መትከልን፣ 600ኤ ደግሞ የነዳጅ ታንክንና ከታንኩ እስከ ቦይለሩ የሚዘረጋውን መሥመር መትከልን ይመለከታሉ። ነዳጁን በማትነን የሚያነዱ የቆዩ የማብሰያ ምድጃዎችን ለሚሠሩ ሰዎች 102 የሚባል ራሱን የቻለ ምዘና አለ። ማስረጃዎቹ የሚያገለግሉት ለአምስት ዓመት ነው፤ ጊዜው ሲያልፍ እንደገና መመዘን ግድ ይሆናል።

ሰውየው የነገረዎት ኮርስ ለ101 የሚሰጠው ነው። ርዝመቱም እንደ ሠልጣኙ ልምድ ከሁለትና ሦስት ቀን እስከ አንድ ሳምንት ይደርሳል። ኮርሱ እውነተኛ ነው፣ ማስረጃውም እውነተኛ ነው። ነገር ግን የተዘጋጀው ከማሞቂያ ሥራ ጋር ለሚተዋወቅ ሰው ነው፤ ከዚያ ሳምንት በኋላ ብቻዎን ሰው ቤት ገብተው፣ በክረምት ሌሊት የቆመን ቦይለር ምክንያቱን ፈልገው እንዲያስነሡ የሚያደርግ አይደለም። ማዕከሉ ውስጥ ያሉት ቦይለሮች ንጹሕ ናቸው፣ ታንካቸው ውኃ የለበትም፣ ብልሽቱንም አሠልጣኙ ራሱ አስቦ የፈጠረው ነው። ሰው ቤት የሚያገኙት ግን ሃያ ዓመት የሠራ፣ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ሦስት ዓይነት ነገር የነካኩት ዕቃ ነው። ይህን የሚያስተምር ኮርስ የለም፤ የሚያስተምረው ከሚያውቅ ሰው ጎን ሆኖ አንድ ሁለት ክረምት ማሳለፍ ብቻ ነው።

ስለዚህ የምመክርዎት ቅደም ተከተል ይህ ነው። መጀመሪያ በአካባቢዎ የላምባ ቦይለር የሚጠግን ድርጅት ወይም ብቻውን የሚሠራ ባለሙያ ፈልገው በረዳትነት ይግቡ። ሊንከንሽር የጋዝ መሥመር ያልደረሰባቸው ብዙ መንደሮች ያሉበት ሰፊ የእርሻ አገር ስለሆነ ቦታዎ ለዚህ የተመቸ ነው። ጥቂት ወራት ከሠሩ በኋላ 101ን ይውሰዱ፤ በዚያን ጊዜ አሠልጣኙ የሚናገረው ሁሉ ቀድሞ በእጅዎ ያለፈ ነገር ስለሚሆን ይገባዎታል። 105ኢ እና 600ኤ ቀጥለው የሚመጡ ናቸው። ቦይለር የሚተክል ሰው ራዲያተሮቹን፣ የውኃ ዝውውር ፓምፑን፣ የመቆጣጠሪያ ቫልቮቹንና የሙቅ ውኃ ጋኑን አብሮ እንዲያውቅ ይጠበቃል። በዚህ በኩል ክፍተት እንዳለብዎት ከተሰማዎት፣ በሥራ ላይ ሆነው ማስረጃ እያሰባሰቡ የሚጨርሱት ኤንቪኪዩ የሚባል የቧንቧና የማሞቂያ ብቃት ማረጋገጫ አለ፤ እርሱን ጎን ለጎን መጀመር ብልህነት ነው።

ከኢትዮጵያ ይዘውት የመጡት ዕውቀት ዋጋ የለውም የሚልዎትን አይስሙ። በሆስፒታሉ የሠሩባቸው የናፍጣ በርነሮች ፓምፕ፣ ነዳጁን የሚረጭ ኖዝል፣ ማራገቢያ፣ የእሳት ብልጭታ የሚሰጡ ኤሌክትሮዶችና ነበልባሉን የሚያይ ፎቶሴል ያላቸው ናቸው፤ የአንድ መንደር ቤት ቦይለርም እንዲሁ ነው፣ መጠኑ ብቻ ያንሳል። አዲስ የሚሆንብዎት ሌላው ነው፤ ከጭሱ ውስጥ ያለውን እንፋሎት ወደ ውኃ መልሶ ሙቀቱን የሚወስደው ኮንደንሲንግ ቦይለር፣ የታንክ አቀማመጥ ደንቡና የሚሞላው ቅጽ። የውጭ አገር የትምህርት ማስረጃን ከዚህ አገር ደረጃ ጋር የሚያመሳክረው ዩኬ ኢኒክ የተባለው ተቋም ነው። ከእርሱ የሚያገኙት ጽሑፍ ቀጣሪ እንዲያምንዎት ይረዳል፤ የኦፍቴክን ምዘና ግን አይተካም።

አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ሥራ ያለ መኪና አይሠራም፤ ደንበኞችዎ አውቶቡስ በማይደርስበት ቦታ ናቸው። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ በታላቋ ብሪታንያ የሚያገለግለው ነዋሪ ከሆኑበት ቀን ጀምሮ ለ12 ወራት ብቻ ስለሆነ፣ ከዚያ በኋላ የዚህን አገር የጽሑፍና የመንዳት ፈተና ማለፍ ይኖርብዎታል። ጊዜው እያለቀ ከሆነ፣ ለኮርሱ ከመክፈልዎ በፊት መንጃ ፈቃዱን ይጨርሱ።

ጥያቄ፦ ለጋዝ ሥራ በሕግ መመዝገብ ግዴታ እንደሆነ አውቃለሁ። ጓደኛዬ ግን የላምባ ማሞቂያ ለመሥራት ምዝገባ አያስፈልግም፣ ማንም ሰው ሊሠራው ይችላል ይላል። ለምን ታዲያ ሰው ለኦፍቴክ ይከፍላል?

መልስ፦ ጓደኛዎ የሕጉን የመጀመሪያውን መሥመር በትክክል አንብበዋል። የጋዝ ሥራ በ1998ቱ የጋዝ ደኅንነት ደንብ የታሰረ ስለሆነ፣ ከኤፕሪል 2009 ጀምሮ ኮርጊ የተባለውን የቀድሞ መዝገብ በተካው በጋዝ ሴፍ መዝገብ ላይ ያልሰፈረ ሰው ቢሠራው ወንጀል ነው። ለነዳጅ ማሞቂያ እንዲህ ያለ አስገዳጅ የምዝገባ ሕግ የለም።

ይህ ማለት ግን ሥራው ሕግ የለውም ማለት አይደለም። በእንግሊዝና በዌልስ ቦይለር ወይም ታንክ መትከልና መቀየር በሕንፃ ደንቡ መሠረት መታወቅ ያለበት ሥራ ነው። ያልተመዘገበ ሰው የሚሠራው ከሆነ፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ለአካባቢው ካውንስል የሕንፃ ቁጥጥር ክፍል ማመልከት፣ ክፍያ መክፈልና ተቆጣጣሪ መጥቶ እንዲያይ ማድረግ ግዴታ ነው። በኦፍቴክ የተመዘገበ ባለሙያ ግን ሥራው ከደንቡ ጋር የተስማማ መሆኑን ራሱ ያረጋግጣል፤ በ30 ቀን ውስጥ ያሳውቃል፣ የቤቱ ባለቤትም የምስክር ወረቀቱን ያገኛል። ቤቱ በሚሸጥበት ቀን የገዢው ጠበቃ የሚጠይቀው ይህንኑ ወረቀት ነው። በስኮትላንድና በሰሜን አየርላንድ የሕንፃ ፈቃድ አሠራሩ ስለሚለይ፣ እዚያ የሚኖሩ አንባቢዎች ይህ በራስ የማረጋገጥ መብት እንዳለ አድርገው መውሰድ የለባቸውም፤ ከመትከላቸው በፊት የአካባቢያቸውን ምክር ቤት ይጠይቁ።

ዓመታዊ ጥገና ብቻ ለሚሠራ ሰው ለካውንስል ማሳወቅ አያስፈልግም፤ ጓደኛዎም ምናልባት ያሰቡት ይህን ይሆናል። እዚህ ላይ ግን ገበያው ከሕጉ ይጠብቃል። የቦይለር አምራቾች ዋስትና፣ የቤት ኢንሹራንስና የቤት አከራዮች በአብዛኛው የተመዘገበ ባለሙያ የፈረመውን ወረቀት ይፈልጋሉ። ለተከላ ሲዲ 10፣ ለማስጀመርና ለጥገና ሲዲ 11 የሚባሉት ቅጾች በዚህ ሙያ ውስጥ የተለመዱ ናቸው። የተመዘገበ ድርጅት የሕዝብ ተጠያቂነት ኢንሹራንስ ሊኖረው ይገባል፤ ሥራውም በየጊዜው በኦፍቴክ መርማሪዎች ይታያል።

ስለ ሕጉና ስለ ገበያው ይህን ካልሁ በኋላ የራሴን አቋም በግልጽ ላስቀምጥ። አየር ያጠረው የላምባ ነበልባልም እንደ ጋዙ ሁሉ ሽታና ቀለም የሌለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ጭስ ማውጫው በተዘጋ ወይም በተሰነጠቀ ጊዜ ያ ጋዝ የሚገባው ቤተሰብ ወደተኛበት ክፍል ነው። ሕግ አላስገደደኝም ብሎ ሳይመዘኑ የሰው ቤት ቦይለር መክፈት፣ የሰውን ሕይወት በራስ ግምት ላይ ማስቀመጥ ነውና እኔ ለማንም አልመክረውም።

ጥያቄ፦ በሚቀጥለው ወር ለ101 እቀርባለሁ። የተግባር ፈተናው በተለይ ምን ላይ ያተኩራል? እንግሊዝኛዬ ለመነጋገር ይበቃል፤ የቴክኒክ ጽሑፍ ማንበብ ግን ያስቸግረኛል።

መልስ፦ ፈተናው የጽሑፍና የተግባር ክፍል አለው። የጽሑፉ ክፍል ሰነዶችን ከፍተው የሚፈልጉትን መልስ ማግኘትዎን በእጅጉ ይመዝናል። ስለዚህ ከአሁኑ የሕንፃ ደንቡን “ጄ” ክፍል፣ የአንድ ሁለት ቦይለር አምራቾችን መመሪያና የኦፍቴክን የቴክኒክ መጽሐፍ በተደጋጋሚ እየከፈቱ፣ የትኛው ጉዳይ የት እንዳለ እጅዎ እንዲለምደው ያድርጉ። የማያውቁትን ቃል በአማርኛ ከነትርጉሙ በደብተር መያዝ ይረዳል፤ ቃላቱ ብዙ አይደሉም፣ ግን ደጋግመው ይመጣሉ።

በተግባር ክፍሉ መዛኙ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው የኤሌክትሪክ ማቋረጥን ነው። ማብሪያ ማጥፊያውን መዝጋት ብቻውን አይበቃም፤ መሥመሩ በእርግጥ እንደሞተ በትክክለኛ መለኪያ ማረጋገጥ፣ መለኪያውም ከዚያ በፊትና በኋላ እንደሚሠራ ማሳየት፣ ሌላ ሰው መልሶ እንዳያበራው መቆለፍ ይጠበቃል። ቀጥሎ ነዳጁን ከሳራቺኔስካው ላይ መዝጋት ነው። ይህን ቅደም ተከተል የዘለለ ሰው፣ በኋላ የሚሠራው ሁሉ ግሩም ቢሆን እንኳ ሊወድቅ ይችላል።

ከዚያ በርነሩ ይወጣል። የማቃጠያ ክፍሉና የሙቀት መለዋወጫው ከጥቀርሻ ይጸዳሉ። ኖዝሉ ይቀየራል። ኖዝሉ ላይ የተጻፉትን ሦስት ነገሮች ማንበብ መቻል አለብዎት፤ እነርሱም በሰዓት የሚረጨው መጠን በአሜሪካ ጋሎን፣ የርጭቱ ማዕዘንና የርጭቱ ዓይነት ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ከአምራቹ መመሪያ ከተለየ፣ ቦይለሩ ቢነሣም ነበልባሉ ቅርጹን ያጣል፣ ጥቀርሻም ይሞላል። የኤሌክትሮዶቹ ርቀት በመመሪያው ልክ በሚሊሜትር ይስተካከላል። ተጣጣፊው የነዳጅ ቱቦ ይመረመራል፤ ተራው ዓይነት በየዓመቱ ይቀየራል። ማጣሪያው ይጸዳል። በታንኩ ታች ውኃ አለመኖሩ በውኃ መፈለጊያ ቅባት ይታያል፤ ላምባ ከውኃ ስለሚቀል ውኃው የሚጠራቀመው ከታች ነውና።

ብዙዎች የሚወድቁት ከዚህ በኋላ ባለው ማስተካከያ ነው። የፓምፑ ግፊት በመለኪያ ይታያል፤ በብዙ የቤት ቦይለሮች ላይ ከ7 እስከ 10 ባር ውስጥ ነው፣ የመጨረሻው ቃል ግን የአምራቹ ነው። ቀጥሎ የጭስ ጋዝ መለኪያውን ወዲያው አይሰኩም፤ መጀመሪያ በእጅ ፓምፕ ጭሱን በነጭ ማጣሪያ ወረቀት ውስጥ ስበው ጥቁረቱን ከ0 እስከ 9 ከሚሄደው መመዘኛ ጋር ያወዳድራሉ። በዘመናዊ ቦይለር ከ1 መብለጥ የለበትም። ይህ የሚደረገው ጥቀርሻ ውድ የሆነውን ኤሌክትሮኒክ መለኪያ እንዳያበላሽ ነው። ወረቀቱ ንጹሕ ሲሆን መለኪያውን ያስገቡና ካርቦን ዳይኦክሳይዱን፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱንና የጭሱን ሙቀት እያነበቡ የአየር መግቢያውን ያስተካክላሉ። አየር ሲበዛ ሙቀቱ በጭስ ማውጫው ይወጣል፣ አየር ሲያንስ ደግሞ ጥቀርሻና ካርቦን ሞኖክሳይድ ይመጣሉ። መዛኙ የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ ሳይሆን፣ ቁጥሩ ለምን ወደዚያ እንደሄደ በራስዎ ቃል ማስረዳት መቻልዎንም ይፈልጋል።

በመጨረሻም የደኅንነት መሣሪያዎቹ ይፈተሻሉ። ፎቶሴሉን ሲሸፍኑት በርነሩ በሰከንዶች ውስጥ ቆሞ ወደ መቆለፍ መግባት አለበት። በእሳት ጊዜ ነዳጁን የሚዘጋው ቫልቭ ከቤት ውጭ፣ የሙቀት ስሜት የሚይዘው ጫፉ ደግሞ ከበርነሩ በላይ በቦይለሩ ሽፋን ውስጥ መሆኑን ያረጋግጡ። ስለ ቀይዋ የመቆለፊያ ቁልፍ ሊጠየቁ ይችላሉ፤ በርነሩ አልነሣም ሲል ያቺን ቁልፍ ደጋግሞ መጫን ያልተቃጠለ ነዳጅ በማቃጠያው ክፍል እንዲጠራቀም ያደርጋል፣ በኋላ ሲነሣም በኃይል ይነዳል። ለቤቱ ባለቤት ይህን ማስረዳት የባለሙያው ሥራ አካል እንደሆነ አድርገው ይመልሱ። በእርግጥም ነው።

ጥያቄ፦ የምንኖረው ኖርፎክ ገጠር ውስጥ ነው። ልጄ 17 ዓመቱ ነው፤ ትምህርት ቤት አልሆነለትም፣ እጁ ግን ጎበዝ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳይገባ እንዲህ ያለ ሙያ ቢይዝ ወደፊት ይጎዳል ብዬ እሰጋለሁ። መንገዱስ እንዴት ነው?

መልስ፦ እናት ሆይ፣ ለልጅዎ ያለው መንገድ ለአዋቂ ሰው ካለው ይልቅ ሙሉና የተሻለ ነው። በእንግሊዝ የቧንቧና የቤት ማሞቂያ ቴክኒሻን የሚባል የደረጃ 3 አፕረንቲስሺፕ አለ። በተለምዶ አራት ዓመት ገደማ ይወስዳል። ልጁ በአንድ ድርጅት ተቀጥሮ ደመወዝ እያገኘ ይሠራል፣ ከሥራ ሰዓቱ ከፊሉን ኮሌጅ ይማራል፣ በመጨረሻም ከአሠልጣኞቹ ውጭ በሆነ አካል ይመዘናል። ለትምህርቱ አይከፍልም። ሥልጠናው በጋዝ፣ በነዳጅ፣ በጠጣር ነዳጅ ወይም በታዳሽ ኃይል ማሞቂያ ላይ ማተኮር ስለሚያስችል፣ ኖርፎክ ውስጥ ላለ ድርጅት የነዳጁ ዘርፍ ተፈጥሯዊ ምርጫ ነው።

ከባዱ ነገር ኮሌጅ ማግኘት ሳይሆን ቀጣሪ ማግኘት ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ የእንግሊዝኛና የሒሳብ ደረጃውን ካላሟላ ጎን ለጎን እንዲያሟላ ስለሚጠየቅ፣ ትምህርቱ አልሆነለትም ብሎ ጨርሶ መተው አይበጅም። ከፍተኛ ትምህርት ባለመግባቱ ግን አይስጉ። በአራት ዓመት ውስጥ የሚይዘው ሙያ ዕዳ የሌለበት፣ በየትኛውም የገጠር ወረዳ ሥራ የሚያስገኝ ነው፤ ፍላጎቱ ካለውም ከዚያ በኋላ ወደ ምህንድስና ትምህርት የሚያደርስ በር አለ። ቤታችሁ በላምባ የሚሞቅ ከሆነ፣ በየዓመቱ የሚመጣው ባለሙያ ሲሠራ ልጁ አጠገቡ ቆሞ እንዲያይ ፈቃድ ይጠይቁለት። ብዙ ድርጅቶች ማስታወቂያ ሳያወጡ የሚቀጥሩት በዚህ ዓይነት ትውውቅ ነው።

ጥያቄ፦ መንግሥት የነዳጅ ቦይለሮችን ሊከለክል ነው ሲባል እሰማለሁ። በሚጠፋ ሙያ ላይ ጊዜና ገንዘብ ማፍሰስ ተገቢ ነው?

መልስ፦ በ2021 በቀረበው የመንግሥት ሐሳብ መሠረት፣ በእንግሊዝ ከጋዝ መሥመር ውጭ ባሉ ቤቶች ከ2026 ጀምሮ አዲስ የነዳጅ ቦይለር መትከል እንዲቆም ታስቦ ነበር። በሴፕቴምበር 2023 የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሪሺ ሱናክ ጊዜውን ወደ 2035 እንደገፉት አስታወቁ። በስኮትላንድ ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ ፈቃድ የሚጠየቅላቸው አዲስ ቤቶች በነዳጅ ወይም በጋዝ ቦይለር እንዲሞቁ አይፈቀድም። አቅጣጫው የማያሻማ ነው፤ ፍጥነቱ ግን በፖለቲካው ይወሰናል።

የተተከሉት ቦይለሮች ግን በአንድ ቀን አይነቀሉም፤ በየዓመቱ ጥገና ይፈልጋሉ። ባለሙያዎቹ ደግሞ እያረጁ ነው። ከዚህም ሌላ፣ ከተጠቀመ የምግብ ዘይትና ከመሳሰሉት የሚሠራ ኤችቪኦ የሚባል ነዳጅ በላምባ ምትክ በነባር ቦይለሮች ላይ ተሞክሯል። ቦይለሩ ሳይቀየር በርነሩ ላይ ማስተካከያ ማድረግ ይጠይቃል፤ ያንንም የሚሠራው ይኸው ባለሙያ ነው። ሆኖም ይህ ነዳጅ የሙያውን ዕድሜ እንዲያራዝም የሚመኙ ሰዎች የሚናገሩትን ሁሉ እንደ ተረጋገጠ ነገር መውሰድ አልሻም፤ ዋጋው አሁንም ከላምባ ይበልጣል።

ለሃምሳ ዓመት ሰው የነዳጁ ሙያ ብቻውን እስከ ጡረታ ሊያደርስ ይችላል። ለሃያ ዓመት ወጣት ግን አይበቃም። እርሱ ከመጀመሪያው ጀምሮ የቤትን ሙቀት ብክነት ማስላትን፣ የራዲያተር መጠን መምረጥንና ቦይለርን በዝቅተኛ የውኃ ሙቀት ማሠራትን ጠንቅቆ ቢማር፣ ከውጭ አየር ወይም ከመሬት ሙቀት በኤሌክትሪክ ስቦ ቤት ወደሚያሞቀው ሂት ፓምፕ ሥራ መሻገር ይቀለዋል። የላምባ ኮንደንሲንግ ቦይለር በሚገባ የሚቆጥበው ተመላሹ ውኃ ከ47 ዲግሪ ገደማ በታች ሲሆን ነው፤ ሂት ፓምፕም የሚፈልገው ተመሳሳይ ዝቅተኛ ሙቀት ነው። በእንግሊዝና በዌልስ ቦይለራቸውን በሂት ፓምፕ ለሚቀይሩ ቤተሰቦች መንግሥት ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ 7,500 ፓውንድ ድጎማ እንዲያገኙ አድርጓል። ይህ ድጎማ የሚገኘው ግን የሚተክለው ድርጅት ኤምሲኤስ በሚባለው ሥርዓት ዕውቅና ካለው ብቻ ነው። ኦፍቴክ ራሱም የሂት ፓምፕ ሥልጠና ወደ መስጠት ገብቷል፤ ይህ ድርጅቱ ወደየት እንደሚያይ ያመለክታል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ማሳቹሴትስ ነው። መጽሔታችሁን ከእኅቴ ቤት አገኘሁት። በእኛም አካባቢ ብዙ አሮጌ ቤቶች በነዳጅ ይሞቃሉ። የብሪታንያው መንገድ እዚህ ይሠራል?

መልስ፦ ኦፍቴክ እርስዎ ዘንድ አይሠራም፤ ሙያው ግን ያው ነው። በአሜሪካ በነዳጅ ከሚሞቁት 5 ሚሊዮን ገደማ ቤቶች ከአምስት አራት እጅ ያህሉ በእርስዎ በሰሜን ምሥራቁ ክፍል ስለሚገኙ፣ የሥራ ቦታው በእርግጥ እዚያ ነው። ፈቃድ የሚሰጠው ፌዴራል መንግሥት ሳይሆን እያንዳንዱ ግዛት ነው። በማሳቹሴትስ የነዳጅ በርነር ቴክኒሻን የብቃት ማረጋገጫ የሚገኘው ከግዛቱ የእሳት አገልግሎት መሥሪያ ቤት በፈተና ሲሆን፣ ከቧንቧ ሠራተኛ ፈቃድ የተለየ ነው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። በሜይን የግዛቱ የነዳጅ ቦርድ ከተለማማጅ ወደ ጆርኒማን፣ ከዚያም ወደ ማስተር የሚያሻግር ደረጃ አለው። ኮነቲከትም የራሱ የማሞቂያ ፈቃድ ደረጃዎች አሉት። በአንዱ ግዛት ያገኙት ፈቃድ በጎረቤቱ ይሠራል ብለው አይገምቱ።

ከግዛቶቹ ፈቃድ በተጨማሪ፣ በ2000 በወጣ የፌዴራል ሕግ መሠረት የተቋቋመ ኖራ የሚባል የነዳጅ ማሞቂያ ምርምር ኅብረት አለ። ከብሮንዝ ጀምሮ ወደ ሲልቨርና ጎልድ የሚያድግ የቴክኒሻን ማስረጃ ይሰጣል፣ የሚያስተምርባቸው መጻሕፍትም አሉት። ቀጣሪዎች ያከብሩታል፤ የግዛቱን ፈቃድ ግን አይተካም። ድርጅቶቹ ብዙ ጊዜ በበጋ አየር ማቀዝቀዣም ስለሚጠግኑ፣ የማቀዝቀዣ ጋዝ የሚነካ ሰው በፌዴራል ሕግ የሚጠየቀውን የ608 ማረጋገጫ ቀደም ብሎ መያዝ ተፈላጊነትዎን ይጨምራል።

የነዳጅ አከፋፋይ ድርጅቶች እዚያ አገር ነዳጁንም ጥገናውንም በአንድ ላይ ስለሚሸጡ፣ አዲስ ሰው ቀጥረው የማሠልጠን ልምድ አላቸው። ሲያመለክቱ ሁለት ነገር ይጠይቋቸው፤ አንደኛ የሥልጠናውንና የፈተናውን ወጪ ማን እንደሚሸፍን፣ ሁለተኛ ፈቃድ እስኪያገኙ ድረስ ሥራዎን በቅርብ የሚቆጣጠረው ማረጋገጫ ያለው ሰው ማን እንደሆነ። ሁለተኛውን በግልጽ የማይመልስ ድርጅት ብቻዎን ሊልክዎት አስቦ ሊሆን ስለሚችል፣ ደመወዙ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ሌላ ይፈልጉ።